መሣሪያው የማን ነው? የቤዝ ጊታር ገበያና የባንድ ስሌት

ምሽት ቤት የሚከፍት ባለሀብት ብዙውን ጊዜ በጀቱን የሚጀምረው ከወንበርና ከመብራት ነው። ቀጥሎ የመጠጥ መደርደሪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ፣ የጥበቃና የአስተናጋጅ ደመወዝ ይመጣል። ሙዚቃው የሚታሰበው በመጨረሻ ሲሆን፣ ከሙዚቃውም ውስጥ ቅድሚያ የሚያገኙት የዘፋኙ ማይክራፎንና ከፊት የሚቆሙት ትልልቅ ስፒከሮች ናቸው። ከኋላ፣ ከድራሙ ጎን ቆሞ አራት ወፋፍራም ክሮችን የሚነካው ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣና በምን እንደሚሰማ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ይሁን እንጂ ቤዝ ጊታሩ ዝም ባለ ቅጽበት ቤቱ ይቀዘቅዛል። ታዳሚው ምን እንደጎደለ ባያውቅም እግሩ መምታቱን ያቆማል፤ የሚጨፍረው ወደ ወንበሩ ይመለሳል። በመሆኑም ይህ መሣሪያ ለሙዚቀኛው የእንጀራ ገመድ፣ ለቤቱ ባለቤት የገቢ ምንጭ፣ ለአስመጪውና ለደላላው ደግሞ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። በገበያው ውስጥ ሁሌም የሚነሳው ጥያቄ ግን አንድ ነው። መሣሪያው የማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ የሌሊቱን ክፍያ፣ የውሉን ዕድሜና የባንዱን ዕጣ ይወስናል።

ከኮንትራባስ እስከ ፌንደር

በቀደመው ዘመን በባንድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ከሰው ቁመት የሚበልጠው ኮንትራባስ ነበር። መሣሪያው ከከተማ ወደ ከተማ ለማጓጓዝ የማይመች ከመሆኑም ሌላ፣ ጥሩምባና ድራም ባለበት ባንድ ውስጥ ድምፁ አይሰማም ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ፖል ታትማርክ የተባለ የሲያትል ነዋሪ አግድም የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ለገበያ ቢያቀርብም ገዢ አላገኘለትም። ገበያውን የከፈተው የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር ሲሆን፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን አራት ክር ያለው መሣሪያ አወጣ። ስሙ የመጣው አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ፍሬቶች ነው። ኮንትራባስ ላይ ጣት ትክክለኛውን ቦታ በልምድ ሲፈልግ፣ በፕሪሲዥኑ ላይ ግን ፍሬቱ ድምፁን በትክክል ያስገኝ ነበር። በዚህም የተነሳ ጊታር ተጫዋቹ ጭምር በአጭር ጊዜ ቤዝ መጫወት ቻለ። በ1960 እ.ኤ.አ. ጃዝ ቤዝ የተባለው ሁለተኛው ሞዴል ተከተለ። ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቤዝ ጊታር የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

የኩባንያው ታሪክ ራሱ ለነጋዴ ትምህርት አለው። ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን በ1965 እ.ኤ.አ. ሲቢኤስ ለተባለው የብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከዚያ በኋላ የጥራት ቅሬታ በመብዛቱ ከሽያጩ በፊት የተሠሩት መሣሪያዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊነታቸው ጨመረ። በ1985 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ ሠራተኞች መልሰው ገዙት። አንድ የንግድ ስም በባለቤት ለውጥ ምክንያት ዋጋው ሲወርድና ሲወጣ፣ አሮጌው ዕቃ ከአዲሱ ሲበልጥ ያሳየ ገበያ ነው።

በአዲስ አበባ

በሀገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ ለረዥም ጊዜ የመንግሥት ንብረት ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ እንዲሁም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መሣሪያውን የሚይዙትም ሙዚቀኛውን በደመወዝ የሚቀጥሩትም ራሳቸው ነበሩ። ቀጥሎ የሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ዘመን ሲመጣ ባለቤትነቱ ከመንግሥት ወደ ቤቱ ጌታ ተዛወረ። ሙዚቀኛው ግን ያው ተቀጣሪ ነበር። በክፍያ ያልተስማማ ባንድ ቢወጣ የሚወጣው ባዶ እጁን ነው፤ መሣሪያው በቦታው ስለሚቀር ሌላ ባንድ በማግሥቱ ይተካበታል።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያና በቤዝ ተጫዋቹ መላከ ገብሬ የሚታወቀው ዋልያስ ባንድ፣ በአንድ ክለብ ወይም ቴአትር ስም ሳይሆን በራሱ ስም ሸክላ ካስቀረጹትና ከሆቴል ጋር እንደ ባንድ ከተዋዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በዚያው ዘመን ቤዝ ጊታሪስቱ ጆቫኒ ሪኮ የነበረበት አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ፣ የዘመኑን ታዋቂ ድምፃውያን ያጅብ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽቱን ገበያ ሲያጠበው እንኳ ሥራ ያላጡት፣ በቂ መሣሪያና ከትልልቅ ሆቴሎች ጋር ውል የነበራቸው ባንዶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ከመንግሥትም ከክለብ ባለቤትም አልነበረም፤ ከኪቦርድ ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገቡት ኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶች የቤዙንም የድራሙንም ድምፅ ስለሚያወጡ፣ በካሴትና በሠርግ ገበያው አንድ ሰው የአራት ሰው ሥራ መሥራት ጀመረ። ለቤቱ ባለቤት አራት ከመክፈል አንድ መክፈል ያዋጣ ነበርና ቤዝ ጊታሪስቱ ከገበያ መውጣት ያዘ። ኋላ ላይ ታዳሚው ሕያው ባንድ ፈልጎ ሲመለስ ቤዝ ጊታሪስቱም ተመለሰ። ለባለሙያው የተረፈው ትምህርት፣ በማሽን የሚተካው ሥራ ያለ ልዩ ችሎታና ያለ ጥሩ ድምፅ የሚሠራው መሆኑ ነው። የአንድ ሰው ኪቦርድ የማይደርስበት ድምፅ ካላወጣ በስተቀር ለሕያው ቤዝ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ አይኖርም።

ገንዘቡ የት ይዋል?

ቤዝ ተጫዋች የሚያስፈልጉት ዕቃዎች አምስት ናቸው፦ ጊታሩ፣ ክሩ፣ ገመዱ፣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ። ጀማሪ ገዢ በአብዛኛው ገንዘቡን ሁሉ ጊታሩ ላይ ያፈሳል፤ ለአምፑ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። በዕቃው ጠባይ ካየነው ግን ይህ የተገላቢጦሽ ነው። መካከለኛ ዋጋ ያለው ጊታር በጥሩ አምፕ ሲጫወቱት ደህና ድምፅ ያወጣል፤ ውድ ጊታር ግን በደካማ አምፕ ሲገባ እንደ ተቀደደ ከበሮ ይንጫጫል።

ምክንያቱ በሰው ጆሮ ተፈጥሮ ላይ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲነካ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የሰው ጆሮ እንዲህ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከመካከለኛው ድምፅ ያነሰ ስለሚሰማው፣ ቤዙ ከሊድ ጊታሩ እኩል እንዲሰማ ብዙ እጥፍ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል። ሊድ ጊታሪስቱ በ30 ዋት አምፕ ቤቱን ሲሞላው ቤዝ ጊታሪስቱ በ100 ዋት የሚቸገረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚጠቀሙበትን የዋት ቁጥር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ከ100 ዋት ወደ 200 ዋት መሸጋገር ድምፁን እጥፍ የሚያደርገው ይመስላል፤ በተግባር ግን ልዩነቱ 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ጆሮ በጥቂቱ የሚለየው ጭማሪ ነው። ድምፁ በጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መጨመር አለበት። በአንጻሩ የስፒከሩ የንቃት መጠን ብዙ ያስገኛል። በ1 ዋት 94 ዴሲቤል ከሚሰጥ ስፒከር 100 ዴሲቤል ወደሚሰጠው የተሸጋገረ ሰው፣ የአምፑን ኃይል በአራት እጥፍ ያሳደገ ያህል አተረፈ። በሌላ አነጋገር 100 ዋት አምፕ በጥሩ ስፒከር፣ 400 ዋት አምፕ በደካማ ስፒከር የሚሰጠውን ይሰጣል። ስለዚህ ገዢው የዋቱን ብቻ ሳይሆን የስፒከሩንም ቁጥር ጠይቆ ሊያነብ ይገባል።

ሌላው ቁጥር ኦም ነው። በአምፑ ጀርባ ላይ ዝቅተኛው የሚፈቀደው ኦም ተጽፎ ይገኛል። ሁለት 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም፣ ሁለት 4 ኦም ስፒከሮች ሲገናኙ ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ። ከ4 ኦም በታች የማይፈቅድ አምፕ ላይ 2 ኦም የጫነ ሰው፣ ድምፅ ጨመርኩ ሲል አምፑን ያቃጥላል። በተቃራኒው በ4 ኦም 500 ዋት ተብሎ የተሸጠ አምፕ ከአንድ 8 ኦም ስፒከር ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። የቱቦ አምፕ ያለው ደግሞ ስፒከር ሳያገናኝ ፈጽሞ ማብራት የለበትም። ለስፒከር የተሠራ ወፍራም ገመድ ባለበት ቦታ የጊታሩን ቀጭን ገመድ መጠቀምም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው።

የክብደት ዋጋ

በ1969 እ.ኤ.አ. አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤስቪቲ የተባለ 300 ዋት የቱቦ አምፕ አወጣ። የአምፑ ክብደት ወደ 40 ኪሎ ሲጠጋ፣ ስምንት ስፒከር ያለው ሣጥኑ ከ60 ኪሎ በላይ ነበር። ድምፁ ዛሬም የሚወደስ ቢሆንም፣ መሣሪያው መኪናና ሁለት ተሸካሚ ይፈልጋል። ዛሬ ክላስ ዲ በተባለው አሠራር የተሠሩ 500 ዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጡ አምፖች ክብደታቸው 2 ወይም 3 ኪሎ ሲሆን በትከሻ ቦርሳ ይያዛሉ። የስፒከሩም ክብደት ቀንሷል፤ ምክንያቱ ኒዮዲሚየም ከተባለ ማዕድን የሚሠራ ቀላል ማግኔት ነው።

ይህ ቅለት ግን የራሱ የገበያ አደጋ አለው። የዚህ ዓይነቱ ማዕድን ከፍተኛ አምራች ቻይና ስትሆን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የውጭ ሽያጭ ኮታዋን ስትቀንስ በተከታዩ ዓመት ዋጋው በከፍተኛ ደረጃ ናረ። የስፒከር አምራቾችም ወደ ከባዱ የፌራይት ማግኔት በከፊል ተመለሱ። ከባድ ስፒከር ማለት ግን መጥፎ ስፒከር ማለት አይደለም። በሳምንት አራት ቤት የሚዞር ተጫዋች ለቅለት ተጨማሪ ቢከፍል የታክሲና የተሸካሚ ወጪው ይመልስለታል። በአንድ ቤት ተቀምጦ ለሚቀር መሣሪያ ግን ለቅለት መክፈል ትርፉ አይታይም።

ጊታሩ ከየትም፣ አምፑ ከኮረንቲው

በሻንጣ ከአሜሪካ የሚመጣ የሙዚቃ ዕቃ የአዲስ አበባ ገበያ የታወቀ ክፍል ነው። ዘመድ ሲመጣ ጊታርም አምፕም ይታዘዛል። ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ኮረንቲ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አምፕ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከተሰካ፣ ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ፣ ዕድለኛ ካልሆነ ውስጡ ይቃጠላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በርካሽ መጣ የተባለው ዕቃ ለጥገና ከዋጋው ግማሽ ሊጠይቅ ይችላል።

አንዳንዱ አምፕ ጀርባው ላይ የቮልት መቀየሪያ አለው፤ አንዳንዱ አዲስ ስሪት ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሱ ይቀበላል። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም፤ ስለሆነም ከመሰካት በፊት ጽሑፉን ማንበብ ግዴታ ነው። መቀየሪያ የሌለው አምፕ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የትራንስፎርመሩ አቅም አምፑ ከሚወስደው ኃይል በበቂ ሁኔታ መብለጥ ስላለበት ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል። ከዚህ አንጻር አምፕን እንደ እኛው 220 አካባቢ ኮረንቲ ከሚጠቀሙት ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ማምጣት ከአሜሪካ ይሻላል። ጊታሩ ግን ከግድግዳ ኮረንቲ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ከየትም ቢመጣ ችግር የለበትም። በውስጡ ማጉያ ያለው ዓይነት እንኳ የሚጠቀመው 9 ቮልት ባትሪ ነው።

ከቮልቱ ሌላ ሁለት የአካባቢ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ዕቃውን የሚያቀዘቅዘው ከዝቅተኛ ቦታ ያነሰ ነው፤ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃም የሚፈተነው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። አምፕን ከግድግዳ ማጣበቅ ወይም በጨርቅ መሸፈን እዚህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይጎዳል።

ሁለተኛው ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ነው። በጄኔሬተር ወይም ያለ መሬት ሽቦ በተዘረጋ መስመር ላይ አምፑ ሲያጉረመርም ብዙዎች የሚያስቡት የድምፅ ጥራቱን ብቻ ነው። ነገሩ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በዌልስ ስዋንሲ ከተማ፣ የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ የመሬት ሽቦው በትክክል ያልተያዘ ማይክራፎን ሲነካ በመድረክ ላይ በኮረንቲ ሞቷል። ጣቶቹ ክር ላይ፣ ከንፈሩ ማይክራፎን ላይ ያለ ሙዚቀኛ ራሱ የኮረንቲ መንገድ ይሆናል። የምሽት ቤት ባለቤት ከጌጣጌጡ በፊት የመድረኩን የመሬት ሽቦ በባለሙያ ማስፈተሽ ይኖርበታል።

በአንድ ስም አራት ዋጋ

ያገለገለ ጊታር ጥሩ ገበያ አለው። በደንብ የተያዘ የታወቀ ስሪት ጊታር ከአምፕ ይልቅ ዋጋውን ይይዛል። አምፕ የቴክኖሎጂ ዕቃ በመሆኑ አዲስ ሲመጣ አሮጌው ይወርዳል፤ ጊታር ግን እንጨትና ብረት ስለሆነ ቶሎ አያረጅም። የተያዘበት ሁኔታ ግን ወሳኝ ነው፤ ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ በበጋ ደረቅ አየር ለወራት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጊታር አንገቱ ሊጎብጥ ይችላል።

ገዢን የሚያሳስተው ስሙ ነው። ለምሳሌ የፌንደር ኩባንያ ከፍተኛውን ደረጃ በካሊፎርኒያ ኮሮና፣ መካከለኛውን በሜክሲኮ ኤንሴናዳ ያሠራል። ስኳየር የተባለውን ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን ስም ደግሞ በኢንዶኔዥያና በቻይና ያስመርታል። አራቱም ቅርጻቸው ተመሳሳይ ነው፤ ዋጋቸው ግን በብዙ እጥፍ ይለያያል። ከእነዚህ በተጨማሪ ስሙን ብቻ የለጠፈ አስመሳይ አለ። በመሆኑም ደላላው ፌንደር ነው ሲል በቂ አይደለም፤ የት ሀገር እንደተሠራ፣ መለያ ቁጥሩ ከሞዴሉ ጋር መስማማቱን ማየት ይገባል። ያገለገለ ጊታር የሚገዛ ሰው በእያንዳንዱ ክር ላይ እያንዳንዱን ፍሬት ይጫን፤ አንገቱን ከጫፍ አሻግሮ ይመልከት፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው የማስተካከያ ብረት መዞሩን ያረጋግጥ፤ የድምፅ ቁልፎቹን እያዞረ ይስማ። የተንጫጫ ቁልፍ በጥቂት ገንዘብ ይጠገናል፤ የተጣመመ አንገት ግን ጊታሩን ወደ ማገዶነት ይጠጋዋል።

አስመጪው ሊያስታውሳቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦችም አሉ። አንደኛ፣ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ የዕቃ አመዳደብ ቤዝ ጊታር በ92.07 ቁጥር ሥር ሲመደብ፣ ክርና መለዋወጫው በ92.09፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር ግን በ85.18 ይመደባሉ። በአንድ ሣጥን የመጣ ዕቃ በሦስት ቁጥር ስለሚታይ፣ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት የየቁጥሩን ታሪፍ ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ለጊታር አንገት የሚውለው ሮዝውድ እንጨት ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር በመግባቱ አምራቾች ወደ ሌላ እንጨት ዞረው ነበር። በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ተደርገዋል። በመካከሉ በተሠሩት መሣሪያዎች ላይ የተለየ እንጨት ማየት የሐሰተኝነት ምልክት አይደለም።

ሦስተኛው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በውጭ ገንዘብ የሚገዛው የሙዚቃ ዕቃ ከዚህ ማምለጥ አልቻለም። በአሮጌው ምንዛሪ የገባ ዕቃ የያዘ ሙዚቀኛ ሳያውቀው ንብረቱ በብር ሲታይ አድጎለታል፤ ለመተካት የሚያስፈልገውም እንደዚያው አድጓል። ይህን ያላሰበ ባንድ ከሦስት ዓመት በፊት በተስማማበት የመሣሪያ ኪራይ ሲሠራ በየሌሊቱ ይከስራል።

የሌሊቱ ስሌት

አንድ ቤዝ ጊታሪስት የራሱን መሣሪያ ይዞ ቢሠራ ስንት ይጠይቅ? ለአብነት ያህል ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት የሚመች ቁጥር እንውሰድ። ጊታሩ 90,000፣ አምፑና ስፒከሩ 130,000፣ ገመድ፣ ቦርሳና ሌላው 20,000፣ በጠቅላላው 240,000 ብር ይሁን። ከአምስት ዓመት በኋላ ጊታሩ 60,000፣ አምፑና ስፒከሩ 40,000 ብር ቢሸጡና የቀረው ዋጋ ባይኖረው፣ የጠፋው 140,000 ብር፣ በዓመት 28,000 ብር ነው። ለክር፣ ለጥገናና ለማጓጓዣ በዓመት 20,000 ሲደመር 48,000 ብር ይሆናል።

ቀጥሎ ሌሊቶቹን መቁጠር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያለ አድርገው በማስላታቸው ነው። 55 ቀናት የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሲገባ የምሽቱም የሠርጉም ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ሠርግ የሚደራው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። በዓመት 40 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ቢሠራ 80 ሌሊት ይሆናል። 48,000 ለ80 ሲካፈል በሌሊት 600 ብር ነው። በዚህ ላይ 240,000 ብሩ በሌላ ቦታ በዓመት 10 በመቶ ያስገኝ ነበር ካልን፣ በመጀመሪያው ዓመት የታጣው 24,000 ብር፣ በሌሊት 300 ብር ነው። ድምሩ 900 ብር ይመጣል።

ይህ ቁጥር ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ቤቱ መሣሪያ አቅርቦ ከራሱ መሣሪያ ከሚያመጣው ተጫዋች በሌሊት 500 ብር ቀንሶ የሚከፍል ከሆነ ሙዚቀኛው ቢቀበል ያተርፋል። ቅናሹ 1,500 ብር ከሆነ ግን የራሱን መግዛት ያዋጣዋል። ለቤቱ ባለቤትም እንደዚሁ ነው። በዓመት 80 ሳይሆን 250 ሌሊት የሚሠራ ቤት ወጪውን ለብዙ ሌሊት ስለሚያካፍለው የራሱን አምፕና ስፒከር ማቆም ይሻለዋል። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ባንድ የሚያስገባ ግን ገንዘቡን በዕቃ ላይ ከሚያስር በኪራይ ቢሠራ ይመረጣል።

ሦስተኛው መንገድ በብዙ ቦታ የሚታየው ነው። አምፕና ስፒከሩ የቤቱ ሲሆን ጊታሩ የተጫዋቹ ነው። ዲ.አይ. የሚባለው ትንሽ ሣጥን የጊታሩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ስለሚወስድ፣ ጥሩ የፊት ስፒከር ባለበት ቤት ተጫዋቹ ትልቅ አምፕ መሸከም አያስፈልገውም። በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ብዙ ሸክም ያስቀራል። የቤቱ ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የወፍራሙ ክር አንድ የድምፅ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። በመሆኑም በአንድ ጥግ ሲያጓራ በሌላው ጥግ ላይሰማ ይችላል፤ ግድግዳ ተሻግሮም ጎረቤት ይቀሰቅሳል። አምፑን ከግድግዳ ጥግ ማራቅ ብቻ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ቅሬታ ያቃልላል።

በጽሑፍ ይሁን

በባንድ ውስጥ ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው በሙዚቃው አይደለም፤ በዕቃው ነው። ስድስት ሰዎች ከሠርግ ገቢያቸው እያዋጡ ሚክሰርና ስፒከር ይገዛሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ወደ ሌላ ባንድ ይሄዳል፤ ወይም ለኮንሰርት ወጥቶ በዚያው ይቀራል። ዋልያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ የተወሰኑት አባላት እዚያው እንደቀሩ ይታወቃል። ያን ጊዜ የሄደው ሰው ድርሻ ስንት ነው? በተገዛበት ዋጋ ነው ወይስ በዛሬው? የተቃጠለውን ስፒከር ማን ይተካል? በአፍ የተስማሙ ጓደኛሞች በዚህ ላይ ተለያይተዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጋራው ዕቃና የግሉ ዕቃ በሁለት ዝርዝር ይለይ፤ የግዢ ቀን፣ ዋጋና መለያ ቁጥር ይመዝገብ። ከእያንዳንዱ ሥራ ከክፍፍል በፊት የተወሰነ ገንዘብ ለመተኪያ ይቀመጥ። አባል ሲወጣ ድርሻው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተገምቶ በስንት ወር እንደሚከፈለው ይጻፍ። ከቤቱ ጋር በሚፈረመው ውልም ላይ የማን ዕቃ በማን ቸልተኝነት ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል፣ መብራት ሲዋዥቅ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊው ማን እንደሆነ በግልጽ ይስፈር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ የሚያብረው ግን የእያንዳንዱ ክር ጫፍ በማን እጅ እንዳለ ሲታወቅ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አምፑን ጠቅልሎ ታክሲ የሚጠብቀው ቤዝ ጊታሪስት በእጁ የያዘው የራሱ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የት እንደሚጫወትና በስንት እንደሚጫወት የሚወስነው እሱ ነው። ካልሆነም ዋጋውን አውቆ ይዋዋል።